በስሜ ያስመዘገብኋት ልጅ

ሰው ሁሉ ቪዛ ዕድል ነው ይላል። አይደለም። ዕድል ቢሆን ኖሮ በተገላገልሁ፤ የምወቅሰው ሰው ባልኖረ። ቪዛ የወረቀቶች ስምምነት ነው። አንዱ ወረቀት የተናገረውን ሌላው ካልካደ ይሰጣል፤ ከካደ አይሰጥም። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ይኸን ብናገር የሚሰማኝ የለም። የሄደው ሁሉ ማርያም ረድታው ሄደ፣ የቀረው ሁሉ ቀኑ አልደረሰም ይባላል። እኔ ቤት ያለችው ልጅ የቀረችው ቀኗ ስላልደረሰ አይደለም። ያስቀረኋት እኔ ነኝ። በክፋት አስቀርቻት ቢሆን ይቅርታ እጠይቃት ነበር። በደግነት ስለሆነ ግን ምን ብዬ እንደምጠይቃት እስካሁን አላወቅሁም።

ስለ ስደት ብዙ አንብቤአለሁ። ጸሐፊዎቹ ስለ ባሕሩ፣ ስለ በረሃውና ስለ ናፍቆቱ ይጽፋሉ። ስለ ልደት ምስክር ወረቀት የጻፈ አላጋጠመኝም። ቢያጋጥመኝም ደባሪ መጽሐፍ ነው ብዬ እተወው ነበር።

ልጅቷ የታናሽ እህቴ ልጅ ናት። የወላጆቻችን ቤት ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ የገጠር ቀበሌ ነው። እህቴ እዚያው ሳታገባ ወለደቻት። አባትየው በርበሬ ሊሸምት ቡሬ ገበያ ይመላለስ የነበረ የሽንዲ ሰው ነው። እርግዝናው ገፍቶ ሳይታይ መምጣቱን ተወ። እኛ ቤት «ካደ» ተባለ። ሽንዲ ድረስ ሄዶ የጠየቀው ማንም የለም፤ መጠየቅ ራሱ ውርደት ነበር። ልጅቷ ጡት እንደ ተወች እህቴ ለቤት ሠራተኛነት አረብ አገር ሄደች። ከዓመታት በኋላ አሠሪዎቿ ለዕረፍት ወደ አንድ የአውሮፓ አገር ይዘዋት ሄዱ፤ አንድ ጠዋት ከሆቴሉ ወጣችና አልተመለሰችም። ጥገኝነት ጠየቀች። መልሱ እስኪመጣ ልጇ አደገች።

ያደገችው እኔ ዘንድ ነው። እኔ ፍኖተ ሰላም የማስተምር፣ ልጅ ያልወለድሁ ሰው ነኝ። ለትምህርት ስትደርስ ከገጠር አመጣኋትና ላስመዘግባት ሄድሁ። መዝጋቢው የቀድሞ ተማሪዬ ነበር።

«የአባት ስም፣ መምህር?» አለኝ።

እኛ አገር ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ነው፤ ሌላ የቤተሰብ ስም የለውም። አባት የሌላትን ልጅ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሏት ደግሞ አስተማሪ ሆኜ በየዓመቱ ሰምቻለሁ። ስሜን ነገርሁት።

«የእርስዎ ልጅ ናት እንዴ?»

«ታዲያ የማን ልትሆን ነው?»

ጻፈ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሰው ሁሉ መረቀኝ። እዚህ አገር ይኸ ውሸት ተብሎ አይቆጠርም። የገጠር ዘመድ ለትምህርት ወደ ከተማ የላከው ልጅ በየቤቱ አለ፤ ባለቤቱም በስሙ ያስመዘግበዋል፤ ጎረቤት ያመሰግነዋል። እኔም ምስጋናውን ወደድሁት። አንድ ስም ሰጥቼ አባት ሆንሁ፤ ከዚህ የቀለለ አባትነት አላውቅም።

ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆናት አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሎች ደጄ ላይ ቆሙ። አንደኛው ቄስ ናቸው። ከኋላቸው አዲስ ጋቢ የለበሰ ሰው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ግቡ አልኋቸው፤ ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም አሉ። ያኔ ገባኝ።

«መምህር» አሉ ቄሱ፣ «ይኸ ሰው ልጄን ልወቅ ብሎ ነው ያስቸገረን።»

«የትኛዋን ልጅ፣ አባ?»

«እርስዎ የሚያውቋትን።»

ሰውየው ቀና አለ። «ልወስዳት አይደለም የመጣሁ። እርስዎ ያሳደጓትን እኔ ምን አፍ አለኝ? ስሜን እንድትይዝ ብቻ ነው። እርስዎ ከፈቀዱ ለክረምት ትመጣለች፣ ወንድሞቿን ታያለች።»

«እስካሁን የት ነበርህ?» አልሁት። በዕድሜ እኩያዬ ነው፤ አንተ ማለቴ ለስድብ ነበር፤ ሁሉም ገብቷቸዋል።

«እህትዎ ማርገዟን የነገረኝ የለም። ወደ ቡሬ መምጣት ትቼ የነበረው አባቴ ሞቶ እርሻው በእኔ ስለ ወደቀ ነው። ከሰማሁ ገና ዓመቴ።»

«ለማንም የምሰጠው ልጅ የለኝም።»

ቄሱ በመቋሚያቸው መሬቱን ነካ ነካ አደረጉ። «መምህር፣ ስጡ አላልንም እኮ። የራሱ ልጅ ናት» አሉ ቀስ ብለው።

በሩን ዘጋሁት። ውሃ እንኳ አልቀመሱም። ልጅቷ ጓዳ ሆና ሰምታ ኖሮ፣ «እነማን ናቸው፣ አባዬ?» ብላ ጠየቀችኝ። መንገድ የጠፋባቸው ናቸው አልኋት።

እህቴ መኖሪያ ፈቃድ ባገኘች ጊዜ ልጅቷ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ስልክ ደውላ መናገር አቅቷት አለቀሰች፤ ከዚያ እንደ ጸሐፊ ቁጥብ ሆነችና ዝርዝሩን አስጻፈችኝ። የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፓስፖርት፣ ፎቶ፣ የአባት ፈቃድ። ማመልከቻው ተሟልቶ አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላት መግባት አለበት። ከሞላት እንደ ልጅ አትቆጠርም፤ እንደ ማንኛዋም ሴት በራሷ ታመልክት ይባላል፤ በራሷ ለምታመለክት የገጠር ልጅ ደግሞ መልሱ የታወቀ ነው።

የልደት ምስክር ወረቀቱን ያወጣንላት ከትምህርት ቤት ማስረጃዋ ተነሥተን ነው። የቀበሌው መዝጋቢ የአባት ስም ብሎ የእኔን፣ የእናት ስም ብሎ የእህቴን ጻፈ። እህቴን ከእነ አባቷና ከእነ አያቷ። እኔንም ከእነ አባቴና ከእነ አያቴ። ብዕሩን አንሥቶ ወረቀቱን አየው።

«መምህር፣ የአባትና የእናት አባት ስም አንድ ሆነብኝ። አያቱም አንድ ነው።»

«ጎጃም ስሙ ጥቂት ነው፤ ደጋግመን እንጠቀምበታለን» አልሁት።

ሳቀ። ማኅተሙን መታው። እኔም ቀልዴን ወድጄው ወጣሁ።

በእነዚያ ወራት ቤታችን ውስጥ የተከራከርነው ግን ስለ ትኬት ነበር። አንድ ሰው እህቴን ትኬት ያልያዘ ቪዛ አያገኝም ብሏት ነበር። ሐሰት ነው፤ ያኔ አናውቅም።

«ወንድምዓለም፣ መሄጃ ብቻ ልቁረጥላት ወይስ ደርሶ መልስ?» አለችኝ በስልክ።

«ደርሶ መልስ።»

«ለመኖር ለምትመጣ ልጅ መመለሻ ምን ያደርግላታል? መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው መመለሻ አይጠየቅም ብለውኛል።»

«መመለሻ የሌለው ትኬት አይቼ ልጅ አልሸኝም።»

«‹ልጄን› ነው ያልኸው?»

«ልጅ ነው ያልሁ።»

«እሽ። ደርሶ መልስ ይሁን» አለች። ልጅቷም ከጎኔ ሆና፣ «ሁለታችሁም ስትጨርሱ እኔ የት እንደምቀመጥ ንገሩኝ፤ በመስኮት በኩል ነው የምፈልገው» ብላ አሳቀችን። ሦስት ተምረናል የምንል ሰዎች በመመለሻው ላይ ስንጣላ፣ የአባት ስም የሚለው መሥመር መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ነበር።

ለኤምባሲው ቃለ መጠይቅ አዲስ አበባ ወሰድኋት። ብቻዋን ገባች፤ እኔ ከበሩ ማዶ የአጥሩ ጥላ ሥር ቆሜ ጠበቅሁ። ስትወጣ ደስ ብሏት ነበር። ታክሲ ውስጥ ምን እንደ ጠየቋት ጠየቅኋት።

«ሴትዮዋ ትምህርት ቤቴን ጠየቀችኝ። እናቴን በስልክ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደማገኛት ጠየቀችኝ። ከዚያ በአስተርጓሚው፣ ‹እናትሽና አባትሽ ወንድምና እህት ናቸው?› አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«አዎ አልኋት።» አየችኝ። «እውነት አይደል እንዴ፣ አባዬ?»

እውነት ነው። ባለ ታክሲው በመስተዋቱ ሲያየን ትዝ ይለኛል። እኛ ቤት ውስጥ ያች ልጅ ከዚያ የበለጠ እውነት ተናግራ አታውቅም፤ እናቷ እህቴ ናት፣ አባዬ የምትለው ሰው እኔ ነኝ። መስታወቱ ጀርባ የተቀመጠችው ሴት ፊት ግን ከወረቀቱ ጋር ሲነበብ ምን እንደሚመስል ለማሰብ አልደፈርሁም። እህቴ ደግሞ እዚያ ጥገኝነት ስትጠይቅ የልጄ አባት የሽንዲ ሰው ነው ብላ ስሙን አስመዝግባ ኖሯል። እውነቱን የተናገረች ብቸኛ ሰው እሷ ነበረች።

ደብዳቤው ብዙ አልቆየም። የልደት ምስክር ወረቀቱ እምነት የሚጣልበት አይደለም፤ የልጅቷ አባት ማን እንደሆነ በፍርድ ቤት ተረጋግጦ፣ በተስተካከለ ማስረጃና ፓስፖርት፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላት እንደገና ይቅረብ ይላል። እህቴ የደም ምርመራ ይደረግልን ብላ ለመነች። ምርመራው እናትነትሽን ያሳያል፣ በልጅቷ ላይ ሥልጣን ያለው አባት ማን እንደሆነ ግን አይነግረንም አሏት። የቀረን አምስት ወር ነበር።

ሽንዲ ሄድሁ። በዚያ ሰሞን በጸጥታው ምክንያት ከቡሬ ወዲያ ያለው መንገድ አንድ ቀን ሲከፈት ሁለት ቀን ይዘጋል። ሽማግሌ ይዤ ነው የሄድሁት፤ ቄሱን ለምኜ አስከትያቸው። በሰውየው ደጅ ላይ ቆምን። ግቡ ተባልን፤ ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም አልን። ይኸን ስል ቄሱ ዘወር ብለው አዩኝና ምንም አላሉም።

መጀመሪያ የወጣችው ሚስቱ ናት። ነጠላዋን አስተካክላ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«መምህሩ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ዛሬ ደግሞ መንገድ ጠፋብዎት ወይስ ወደዚህ ነው የመጡት?» አለች። ያን ጊዜ ለልጅቷ ያልሁት በምን እዚህ እንደ ደረሰ አላውቅም፤ ምናልባት ልጅቷ ለሰው ነግራ ይሆናል። «ይግቡ ይግቡ፣ እኛ ቤት ውሃ አለ።»

ሰውየው ከበረት በኩል መጣ፤ እጁን በሣር ጠርጎ ጨበጠን። ጉዳዩን ነገርሁት። ተናግሬ እስክጨርስ አላቋረጠኝም። በልቤ ሁለት ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ቢሰድበኝ የምታገሥበትን፣ ቢያስለምነኝ የምለምንበትን። እሱ ግን፣ «ቀጠሮው መቼ ነው?» አለ።

የሰደበኝ ያህል ጠላሁት።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ዕለት መንገድ ተዘጋ፤ እሱም ዳኛዋም አልደረሱም። ሁለተኛው ቀን ችሎት አልተቀመጠም። ስልክ በሚጠፋበት ጊዜ ደግሞ መንገዱ ይከፈት፣ ይዘጋ፣ ማን ይነግርሃል? ልጅቷ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ማየት ትታ ፊቱን አዞረችው። ለሦስተኛው ቀጠሮ ሰውየው ቡሬ ድረስ በጋሪና በእግር መጥቶ፣ ከዚያ መኪና አጥቶ ወደ ፍኖተ ሰላም በእግሩ ገባ። ችሎት በር ላይ ሳገኘው ጫማው በጭቃ ተለብዷል፤ ጋቢው ግን ንጹሕ ነው፤ በፌስታል ይዞት ኖሮ በሩ ላይ ነው የለበሰው።

ዳኛዋ መጀመሪያ የጠራችው እኔን ነው።

«መዝገቡ የዚህች ልጅ አባት እርስዎ ነዎት ይላል። ነዎት?»

ልጅቷ ከእኔ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማለች። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን ነው የለበሰችው፤ ያን ቀን ፈተና ነበራት።

«አይደለሁም» አልሁ።

«ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ። ለመዝገብ ነው።»

«አባቷ አይደለሁም።»

ጸሐፊው ጻፈ። ልጅቷ የጫማዋን ጫፍ አየች። ቀጥሎ ሰውየው ተጠራ። አባቷ እኔ ነኝ አለ፤ ድምፅህን ከፍ አድርግ የሚለው አላስፈለገውም። ሲወጡ እሱና ልጅቷ በረንዳው ላይ ትንሽ ቆሙ። ሊስማት ፈልጎ መሆኑ ያስታውቃል፤ አላወቀበትም። ከጋቢው ሥር አንድ የበሶ ቋጠሮ አውጥቶ ሰጣትና፣ «ለመንገድሽ ነው፤ እዚያ በሶ የለም አሉ» አላት። ተቀበለችው።

ውሳኔው ያንኑ ሳምንት ወጣ። ሁላችንም አለቀ ብለን ነበር፤ ገና መጀመሩ ነው። ውሳኔው ሲመጣ የልደት ምስክር ወረቀቱ ይሰረዛል፤ አዲሱ ሲወጣ መታወቂያው ይቀየራል፤ መታወቂያው ሲቀየር ፓስፖርቱ ይሻራል። ስሜ በሁሉም ላይ ነበር። የአንድ ሰው ስም ከአንዲት ልጅ ላይ ለመላቀቅ ይኸን ያህል መስኮት እንደሚያስፈልገው የሚያውቅ ያስመዘገበ ብቻ ነው። በየመስኮቱ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው። «ለምንድን ነው የአባት ስም የሚቀየረው?» መጀመሪያ አካባቢ አብራርቼ እመልስ ነበር፤ በኋላ ውሳኔውን ብቻ እዘረጋለሁ። የፓስፖርት ቀጠሮዋ ከልደቷ በኋላ ባለው ሦስተኛ ሳምንት ላይ ወደቀ። ወደ ፊት እንዲመጣ የለመንሁትን ልመና አልጽፈውም። አልመጣም።

እህቴ በቆረጠችው ትኬት ላይ ያለው የአባት ስም የእኔ ነበር፤ የበረራው ቀን ሲደርስ ማንም አልተሳፈረበትም። መመለሻውም እንዲሁ በጊዜው አለፈ።

አሥራ ስምንት ዓመት የሞላት ዕለት ትምህርት ቤት ሄዳ ተመለሰች፣ ራት በላች፣ ዕቃ አጠበች። አዲሱ ፓስፖርት እንደ ወጣ ያም ሆኖ አመለከትን። ለአካለ መጠን ስለ ደረሰች በእናቷ በኩል ልትስተናገድ አትችልም የሚል አጭር መልስ መጣ። ደብዳቤው ጨዋ ነበር። ወረቀቱ ከመጀመሪያው ትክክል ቢሆን ይፈቀድላት እንደ ነበር ይጠቁማል፤ ያን ዓረፍተ ነገር ማን እንዳስጻፋቸው አላውቅም፤ ባይጽፉት ይሻል ነበር።

ለእህቴ የነገርኋት እኔ ነኝ። መሥመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ሃሎ አልሁ።

«አለሁ» አለች። «ወንድምዓለም፣ አንተ እኮ ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ከክፉ ሰው ልጄን ፈጥኜ እወስዳት ነበር።»

ከዚያ ወዲህ የምትደውለው ለልጅቷ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ በአካል የተያዩት ልጅቷ ጡት በተወች ጊዜ ነው፤ መቼ እንደሚተያዩ የሚያውቅ ወረቀት የለም። እህቴ ወደዚህ እንድትመጣ ፈቃዷ ገና አይፈቅድላትም።

ልጅቷ አባዬ ማለት ትታለች። በቁጣ አይደለም። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ቁልፉን የት አስቀመጥኸው?» አለች፤ እንደዚያው ቀረ። የክረምቱን ሁለት ሳምንት ሽንዲ ከወንድሞቿ ጋር ታሳልፋለች። የትምህርት ማስረጃዎቿ ሁሉ በእኔ ስም ናቸው፤ መታወቂያዋና ፓስፖርቷ በእሱ ስም። የትም ብትሄድ ሁለት ሰው ናት። ባለፈው ቡሬ ላይ አንድ ደላላ ፓስፖርት እንዳላት ሰምቶ አረብ አገር ሥራ አለ ብሏታል። እናቷ በወጣችበት መንገድ ማለት ነው። ነገረችኝ፤ ልታማክረኝ አልነበረም፣ ልታሳውቀኝ ነው። አትሄጅም ልላት አፌን ከፈትሁና ማን ሆኜ እንደምላት ጠፋኝ።

ይኸን የምታነቡ፣ የእኅት፣ የወንድም፣ የጎረቤት ልጅ በስማችሁ አስመዝግባችሁ የምታሳድጉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ከተማችን በእናንተ የተሞላ ነው። ጎረቤት የሚላችሁን አትስሙ። ነገ ጠዋት ቢሮ ሲከፈት ሂዱና የልጁን ትክክለኛ የአባት ስም አስጽፉ። አባትየው በሕይወት ካለ ሰው ልካችሁ አስጠሩት፤ ደጃችሁ ከቆመ ደግሞ አስገቡት። ነገ ይሁን፤ ልጁ አሥራ ሰባት እስኪሞላው አትጠብቁ።